ስስ የሱፍ ሸሚዝ

አባቴ ሽሮ ሜዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ጨርቅ ሌላ ሰው እንዲያስረዳቸው አይወዱም። ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ስዘጋጅ ስሱን የሱፍ ሸሚዜን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና፣ "ሱፍ ለብሰሽ ዳገት ልትወጪ? ትቀቀያለሽ" አሉኝ።

"ሜሪኖ ከሚባል በግ ፀጉር የተሠራ ነው አባዬ። ቢያልበኝም ቶሎ ይደርቃል" አልኳቸው። እርግጠኛ ነበርኩ፤ የእንጦጦን ዳገት ደጋግሜ ወጥቼበታለሁ።

ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በእንጦጦ በኩል ወጣን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘን፤ ሲያባራ ደግሞ ብርዳም ነፋስ ተነሣ። የጓደኛዬ የጥጥ ቲሸርት ገላዋ ላይ ተጣብቆ ያንቀጠቅጣት ጀመር። የእኔም ርሶ ነበር፤ ግን እየተራመድኩ ላዬ ላይ ደረቀ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ሁለተኛውን የሱፍ ሸሚዝ ሰጠኋትና ዛፍ ተከልላ ቀየረች። ብዙም ሳይቆይ ሞቃት፤ እንዲያውም ቀድማኝ ትሄድ ጀመር።

ቤት ስመለስ አባቴ ሸሚዙን ተቀብለው አሸተቱት።

"ሦስቱንም ቀን ይሄንኑ ነው የለበስሽው?"

"ይሄንኑ ነው።"

ምንም ስላልሸተታቸው ገረማቸው። መስኮቱ አጠገብ ወስደው ድርና ማጉን ሲፈልጉ ቆዩና ፈገግ አሉ።

"ይሄማ ሽመና አይደለም። እንደ ሹራብ ክሩ እየተቆላለፈ የተሠራ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ እስከዚያች ቀን አስተውዬው አላውቅም።

ጓደኛዬ ያጠበችውን ሸሚዝ ስትመልስልኝ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ብርድ በሆነ ጠዋት ከኮታቸው ሥር ለብሰውት ወደ ሽመናቸው ይሄዳሉ።