ኤቬሊዮ ጎጆውን ያፈረሰ ጊዜ

በእኛ ሰፈር፣ በፒናር ዴል ሪዮ የትምባሆ እርሻዎች መካከል፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰው የሚሸሸው በኤቬሊዮ ጓሮ ወዳለው ጎጆ ነበር። ጎጆው ግድግዳ የለውም። የዘንባባ ክዳኑ ከአናቱ ተነሥቶ እስከ መሬት ስለሚወርድ ነፋሱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። አባቱ ሠራው፣ እሱ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ጠበቀው። ሦስት አውሎ ነፋስ ሲያልፍ እዚያ ውስጥ ተጨናንቀን ካሳቫ በልተናል። ከተማ የሚኖረውን ልጄን ክርስትና ስላነሣልኝ አበልጄ ነው የምለው። የገዛ ልጆቹ ወደ ሃቫና ከሄዱ ወዲህ ጎጆውን በማደስ የሚያግዘው አልነበረም፤ እኛም እያየን እንዳላየን አለፍን።

ባለፈው መስከረም ሬዲዮው አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ሲናገር ኤቬሊዮ እንደ ልማዱ ገመድ ይዞ በየቤቱ ዞረ። የጎረቤታችንን የዞራይዳን የጣሪያ ቆርቆሮ አውርዶ ድንጋይ ጫነበት፣ የእናቴን ዶሮዎች በጆንያ ከተተ። መጠለያ ወደሆነው የከተማው ትምህርት ቤት የሚወስደን አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም ግን የሚሳፈር ጠፋ።

«ጎጆ እያለን ማን ሄዶ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል?» አለች ዞራይዳ።

ኤቬሊዮ ባርኔጣውን አወለቀ። «ስሙኝ፤ ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። ነፋሱን አይችልም። ተሳፈሩ።»

«ምስጡ ዛሬ ነው እንዴ የመጣው?» አለችው ዞራይዳ።

«አምናም አውቅ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ።»

«አይ ጋሼ! ሚስትህ ከሞተች ወዲህ ሰው ማስጠጋት አስጠልቶኛል በለና!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ኤቬሊዮ መጥረቢያ አምጥቶ ዋናውን ምሰሶ ይቆርጥ ጀመር። ዞራይዳ እጁ ላይ ተንጠለጠለች፤ ገፍቷት ቀጠለ። ምስጥ በልቶታል ያለው ምሰሶ ግን በቀላሉ አልወደቀም፣ ብዙ ጊዜ መምታት ነበረበት። ይህን ሁላችንም ያዝንበት። አባቱ የሠራው ጎጆ ተንቋቅቶ ሲደረመስ ሰውዬው ያለቅስ ነበር። እኛ እየተራገምን ተሳፈርን፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረን?

ነፋሱ ወደ ባሕር ታጠፈ። ስንመለስ የወደቀው የእሱ ጎጆ ብቻ ነው። ኤቬሊዮ የምሰሶውን ጉራጅ ይዞ የምስጡን ቀዳዳ ሊያሳየን ቢሞክር ዞራይዳ «ቢበላም ለአንድ ነፋስ ይበቃ ነበር!» ብላው ሄደች። ምናልባት ልክ ናት። እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። ክፉዎች ሆነን አይደለም ልል ነበር፤ ግን ነን።

በጥቅምት መጨረሻ ሌላ አውሎ ነፋስ ተባለ። ኤቬሊዮ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደጄ መጣ።

«አበልጄ፣ አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል። እናትህን ላዝልልህ?»

ከበሩ ጀርባ ተደበቅሁ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ «ኧረ ክፈትለት ልጄ፣ ምን በደለን?» አለችኝ። በእጄ ዝም በይ አልኳት። ይሄኛውም መታጠፉ አይቀርም ብዬ ነበር፤ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ከመተያየት ቤቴ ውስጥ መቅረት ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆሞ ቆየና የዞራይዳን በር ሲያንኳኳ ሰማሁት። እሷም አልከፈተችም። አውቶቡሱ ባዶውን ተመለሰ።

ይሄኛው አልታጠፈም። ከሰዓት በኋላ ግድግዳችን ወደ ውስጥ ወደቀ፤ እናቴ ከሥሩ ነበረች። ብቻዬን ማንሣት አቃተኝ። ብጮህም ድምፄን ነፋሱ ወሰደው። በዚያ ዝናብ እየዳኸ የደረሰልኝ ኤቬሊዮ ብቻ ነው። የግድግዳውን እንጨት ሁለት ሆነን ስናነሣው ሕይወቷ አልፎ ነበር።

«ክፈትለት ብላኝ ነበር» አልኩት።

ኤቬሊዮ ጭቃውን ከፊቷ ላይ በመዳፉ እየጠረገ «ሰምቻታለሁ» አለኝ።