ሽማግሌዎቹ የለመኑት ክዳን

ባለፈው ሳምንት አማቼ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገዝቶ ሊያሳየኝ በር ላይ አቆመው። ዙሪያውን እያየሁ ዞርኩት።

«እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

«የቤንዚን ክዳኑ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ሌላ ክዳን ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያም ወጣትነት መሆኑን ያወቅሁት ሰባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር የምታኮርፍ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነበረችኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ቤንዚን ከቆመ መኪና በጎማ ቱቦ እየተመጠጠ ይሰረቅ ነበርና፣ ፍራንክፈርት ከመጣሁም በኋላ እጄ ክዳን የማጥበቅ ልማዱን አልተወም።

ቀኑ የግንቦት እሑድ ነበር። ልጄን ሕይወትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከሌላ ከተማ ተነስተው እኩለ ቀን ላይ ኖርድኤንድ ወዳለው ቤቴ ሊመጡ ነው። ልጁን ወድጄዋለሁ፤ እሺ ለማለት ከወሰንኩም ቆይቻለሁ። ግን ባሌ እኔን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። እሱ በሕይወት ስለሌለ የልጄ ክብር በእኔ እጅ ነው፤ ቶሎ እሺ ማለት ልጅን ማርከስ መሰለኝ። «እስቲ እናስብበት» ልላቸው፣ ደጋግመው ከለመኑኝ በኋላ ምሳ ላቀርብ ቆረጥኩ። የወጥ ሽታ ቀድሞኝ እሺ እንዳይል፣ ዶሮውን የሠራነው ሆኽስት፣ ጓደኛዬ ለተብርሃን ቤት ነው። ለተብርሃን አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

ድስቱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን በቀበቶ አሰርነው። ብዙም ሳንሄድ የቤንዚን መብራቱ በራ። ታንክሽቴለ፣ ማለት ቤንዚን ማደያ፣ ገብተን ክዳኑን ባዞረው እምቢ አለ። ለተብርሃን በነጠላዋ ይዛ ታገለችው።

«ዋይ! ማን ነው እንዲህ የጠረቀመው?»

«እንጃ» አልኩ።

ከኋላችን የቆመው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ወዲያው ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። እነሱ አያውቁኝም። እኔ ግን እሑድ ረፋድ ላይ፣ በፍራንክፈርት፣ ሦስት ጋቢ ለባሽ ወዴት እንደሚሄድ አልጠፋኝም። በመስኮቱ የወጣው የወጥ ሽታ ተቀበላቸው።

«ድግስ አለ እንዴ፣ እህቶቼ?» አሉ ትልቁ።

«ተዝካር ነው፣ አባባ!» አለች ለተብርሃን ሳታስብ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሦስቱም።

«አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል?

ትልቁ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ክዳኑ ላይ ጠመጠሙ። «የወጣነው ለልመና ነው፤ ባንተ እንጀምር። እባክህ፣ እሺ በለን» አሉት። አልተነቃነቀም። ደገሙት። በሦስተኛው ልመና ቀጭ አለና ዞረ።

ቀድመናቸው ቤት ደረስን፤ ድስቱን ማድ ቤት ደብቀን በሩን ዘጋን። ሲመጡ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ያኔ ትልቁ ፊቴን አዩ፣ አየሩንም ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ተዝካሩ እዚህ ነው?»

ለተብርሃን ወደ ማድ ቤት ሸሸች። እኔም ያጠናሁትን ቃል ጀመርኩ፤ «እስቲ እና...»

«እመቤቴ» አሉ፣ «የእርስዎን ክዳን ሦስት ጊዜ ለምነናል። ይቆጠርልን።»

ሦስት ጊዜ፤ ልክ እንደ ባሌ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

ለተብርሃን እስከ ዛሬ ክዳኑን ያጠበቀው አንድ የጋራዥ ሰው ነው ትላለች። የገዛ እጄ መሆኑን አልነገርኳትም። አማቼ የአዲሱን መኪና በር ከፍቶልኝ ገባሁ፤ ቤንዚንም ክዳንም እንደማይፈልግ በኩራት አስረዳኝ። ጥሩ መኪና ነው። እኔ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ የምዘጋውን ክዳን ሁሉ ትንሽ ላላ አድርጌ እተወዋለሁ።