ስለ እኔ የተለመነው ፖሊስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በመኪናዋ አሳፍራኝ በሄርዝል ጎዳና ስንሄድ፣ አንድ የምናውቃቸው አዛውንት ጥላቸውን ዘርግተው በእግረኛው መንገድ ሲያዘግሙ አየን። እሷ ጡሩንባ ነፋች፣ በመስኮት እጇን አውለበለበች፣ አለፈች። አዛውንቱም ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱላት። ማንም አልተቀየመም። «አባዬ፣ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው መንገድ ላይ የደረሰብኝን እንዴት ብዬ እየሄድን ልንገራት?

ከጎንደር ወደዚህ አገር የመጣሁት ዕብራይስጥ ሳላውቅ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ነገሩ በሆነበት ጸደይ ከውትድርና ወጥቼ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት እሠራ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም በቅርቡ ነበር። የአጎቴን አሮጌ ነጭ መኪና እየተዋስኩ ያለ ጉዳይ ከተማውን እዞራለሁ። ሰው እንዲያየኝ ነዋ፣ ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል! ልቤ ግን ጎረቤት ከተማ፣ ቂርያት ዔቅሮን ነበር። እዚያ የምትኖር አንዲት ልጅ ላገባ ፈልጌ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጦልኛል። አባቷ አስቸጋሪ ናቸው፣ የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ ይባላል። እኛ ግን የሟቹ አባቴ ወዳጅ አባ ይርጋ ነበሩን። እሳቸው ለምነው እምቢ የተባሉበት ቤት አልነበረም፤ ደም የተቃባ ወገን ሳይቀር አስታርቀዋል። «አባ ይርጋ ከሄዱ ልጅቷ ያንተ ናት» ይለኝ ነበር ያገኘኝ ሁሉ።

አሁን የብርቱካን እርሻው ፎቅ ሆኗል እንጂ፣ ያኔ የብርቱካን አበባ ሲፈነዳ ሽታው ከተማውን ይሞላው ነበር። ያን ዕለትም መስኮቴን ከፍቼ ያን እየማግሁ ስነዳ፣ አባ ይርጋ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ጎመንና ቃሪያ በፌስታል ይዘው ከገበያ ሲመለሱ አየኋቸው። እኔ ባደግሁበት አገር ከበቅሎ ሳይወርዱ ሽማግሌ ሰላም ማለት ነውር ነው። መኪናውን ባገኘሁበት ቦታ ገተርኩት፣ በሩን ክፍት ትቼ ወረድኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሰላምታው ደግሞ ቶሎ አያልቅም። የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ የአጎቴን ጠየቁ፣ ከዚያ ምርቃቱ ቀጠለ። የቆምኩት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ከኋላዬ አውቶቡስ ሲያንባርቅብኝ ነው።

ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ የትራፊክ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

«ሪሽዮን» አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁትና መጻፍ ጀመረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። አባ ይርጋ ግን ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡና በመካከላችን ገቡ።

«የኔ ጌታ፣ ልጅ ነው። እኔን ሰላም ሊል ብሎ ነው ያጠፋው። ለሽበቴ ስትል ማርልኝ» አሉት በአማርኛ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ ፖሊሱ በዕብራይስጥ።

«ይቅር እንድትለኝ እየለመኑህ ነው።»

«አባትህ ነው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምን አገባው?»

ሽማግሌ ምንም ሳያገባው ስለሚለምን ነው ልመናው የሚከበረው። ይህን ግን በዚያ ሰዓት በዕብራይስጥ ማስረዳት አቃተኝ። አባ ይርጋ ዝምታችንን ሲያዩ ፖሊሱ እያመነታ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። እኛ ዘንድ እጃቸው ጉልበት ሳይነካ ትከሻቸውን ይዞ ቀና ማድረግ፣ «እሺ አባቴ» ማለት ነው ወጉ። ፖሊሱ ግን ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ፣ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፣ «ዞር በል!» ብሎ ጮኸ። አባ ይርጋ የሚይዙት አጥተው በእጃቸው አስፋልቱን ተደገፉ።

አውቶቡሱ ወደ ቂርያት ዔቅሮን የሚሄድ ነበር። የኛ ሰዎች በመስኮቱ ያያሉ፤ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው። እንደዚያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ድረስ በእፍረት ነደድኩ። በአባ ይርጋ አፈርኩ፤ በእሳቸው ማፈሬ ደግሞ ከዚያ ባሰብኝ። ፖሊሱ ቅጣቱን ሰጠኝና «ቤሰደር፣ እሺ? ሁለተኛ እዚህ አትቁም» አለ፤ በክፋትም አልነበረም።

በመኪናው ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ቤታቸው ድረስ አደረስኳቸው። ከመውረዳቸው በፊት፦

«ልጄ፣ ለቂርያት ዔቅሮኑ ነገር ሌላ ሰው ላክ» አሉኝ።

«ምነው አባ፣ እሱ እኮ ወጋችንን አያውቅም።»

«እሱ አያውቅም። በአውቶቡስ ያዩኝ ግን ያውቃሉ። ለምኖ የተገፋ ሰው ነገ ደጃቸው ቢቆም ማን ይሰማዋል? ላንተ ብዬ ነው።»

አጥብቄ ለመንኳቸው፤ አልተመለሱም። ሌሎች ሽማግሌዎች ሄዱ። አባትየው መለሷቸው። እንደገና ተላኩ፤ እንደገና መለሷቸው። ወራት ፈጅቶ ነው ባለቤቴን ያገኘኋት። አባ ይርጋ ሠርጋችን ላይ መረቁን፤ ለሽምግልና ግን ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠራቸው አልሄዱም።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን አማቴ ምሳ እየበላን ነገሩን ያነሱት። «የአውቶቡሱን ወሬ በዚያው ዕለት ሰምቼ ነበር» አሉኝ። «ለሌላ ሰው ልጅ ብሎ አስፋልት ላይ የወደቀ ሽማግሌ ቤቴ ቢመጣ፣ ሳይቀመጥ ነበር እሺ የምለው። እነዚያን የመለስኳቸው እሱን ስጠብቅ ነው።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። አባ ይርጋ የተዋረዱ መስሏቸው አረፉ። ተሳስተዋል ብዬ እንዳልነግራቸው የሉም። በሕይወት ሳሉ ደግሞ አልተዋረዱም አላልኳቸውም፤ እኔም ተዋርደዋል ብዬ አምኜ ነበርና። እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ እሱ ነው።