የይርጋ መምህር ማን ነበር?

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከጎንደር ተነሣሁ። ስዊድን የሚኖረው ሠዓሊና ቀራጺ ይርጋ ሥራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንደር ላይ ሊያሳይ ነው፤ ለዐውደ ርእዩ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። በስልክ የነገረኝ ያምራል፦ ዳባት ላይ ከመሪጌታ ሥዕል ተማረ፤ ደባርቅ ላይ የሱቅ ታፔላ ጻፈ፤ በሱዳን አድርጎ ተሰደደ፤ ስቶክሆልም ውስጥ ሳህን እያጠበ ቅርጻ ቅርጽ ተማረ። ስለ ወላጆቹ ስጠይቀው ግን ወሬ ይቀይራል። አልጣመኝም። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ዳባት፣ ረፋድ

ሚኒባሱ ከጭጋግ ወጥቶ ገብስ የሚታጨድበት ሜዳ ላይ አወረደኝ። መሪጌታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ይርጋን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ሁለት ሳምንት ቀለም በጥብጦልኝ ሄደ። ማስተማርስ አላስተማርሁትም፣ ልጄ።»

ውሸታም ነው አልኩ በልቤ። ስደቱም፣ ሳህን ማጠቡም ፈጠራ ቢሆንስ?

ደባርቅ፣ ከምሳ በኋላ

ሽሮ በልቼ አንድ ሽማግሌ ታፔላ ጸሐፊ ጋ ገባሁ። ስለ ይርጋ ስጠይቃቸው «አብሮኝ ሠርቷል» አሉኝ። ቀጥለው በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከገበያው በታች ያሉትን እትዬ ጥሩነሽን ጠይቂ። እኔ ነገርኋት እንዳትዪ።»

ምን የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ነው? እየተጠራጠርኩ ወረድኩ።

እትዬ ጥሩነሽ እንስራ እየሠሩ ነበር። ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩኝ።

«ከወረዳ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስለ ይርጋ ልጠይቅዎ ነው።»

«አላውቀውም።»

ስልኬን አውጥቼ ይርጋ የሠራውን አንድ ቅርጽ በፎቶ አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብላ እንስራ የምታለሰልስ ሴት። ጭቃ የነካው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ይህ እኔ ነኝ» አሉ።

«እናቱ ነዎት?»

«ነኝ። ጭቃ ማበጀት ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። ለጠየቀህ ሁሉ ከመሪጌታ ተማርሁ በል ያልሁትም እኔው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት በሚሉበት አገር ልጇን ማን ያስጠጋዋል?»

«ልጻፈው?»

«እሱን ጠይቂው። እኔስ መሸሸግ ሰልችቶኛል።»

ጎንደር፣ አመሻሽ

ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩለት። የሰማሁትን ነገርኩት።

«ቅርጹን አየችው?»

«አዩት። 'ይህ እኔ ነኝ' አሉ።»

ሲያለቅስ ሰማሁት። «እንግዲያው ጻፊው። አስተማሪዬ እናቴ ናት ብለሽ።»

ውሸታም ላጋልጥ ሄጄ ነበር። ሰው ታሪኩን ሲደብቅ ለምን ዋሸ ከማለቴ በፊት ማንን ፈራ ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ተማርኩ። በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽን ለዐውደ ርእዩ መክፈቻ የሚያመጣ መኪና መፈለግ ጀመርኩ።