በበረት ጋዝ የተነዳች ፒካፕ

በሰባዎቹ ዓመታት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የጭነት መኪኖች ጋራዥ ታይፒስት ነበርኩ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ቁልቁለቱን ወርጄ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ነዳጅ በኩፖን መታደል ከጀመረ በኋላ ግን ሰርቪሱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይቀር ጀመር። በእነዚያ ቀናት ያገኘነው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን እንወርዳለን፤ ካላገኘን እንቀራለን። ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጡት ቦቴዎች በጋራዡ በር ያልፋሉ። አብዛኛው ነዳጅ ወደ ሰሜን፣ ለጦሩ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ዋናው መካኒካችን ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ትውልዳቸው ደሴ ዙሪያ የሆነ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጥቂት ወራት ለሥልጠና ሶቪየት ኅብረት ተልከው ነበር። ሌሎች ከዚያ ሲመለሱ ካፖርትና ሬዲዮ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው በእርሳስ የተሣሉ ሥዕሎች የሞሉበት ደብተር ይዘው መጡ። በሠለጠኑበት ከተማ ከሆዳቸው ሥር ቀይ ሲሊንደር የተደረደረላቸው የጭነት መኪኖች አይተዋል። የሚሄዱት በቤንዚን አይደለም፣ ከመሬት ወጥቶ በኃይል ታምቆ በተሞላ ጋዝ ነው።

አንድ ቀን አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ይዘው መጡና በሦስት ቅጂ እንድመታላቸው ጠየቁኝ። ስለ ተፈጥሮ ጋዝ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ያንን ወረቀት ስመታ ነው። ቤንዚኑና ናፍጣው ባሕር አቋርጦ ከሰው አገር በሚመጣ ድፍድፍ ላይ የቆመ ነው፤ ጋዙ ግን ኦጋዴን ውስጥ ከእግራችን ሥር እንዳለ ተነግሯል ይላል ጽሑፉ። ጋዝ ሲነድ ጥላሸት ስለማይተው ካንዴላ አይጠቁርም፣ የሞተር ዘይትም ቶሎ አይበላሽም። ቢያፈተልክ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ እንደ ቤንዚን ትነት መሬት ላይ አይተኛም። ጉድለቱንም አልደበቁም። ሲሊንደሩ ከባድ ነው፣ ቦታ ይወስዳል፤ ዳገት ላይ ጉልበቱ ከቤንዚን ያንሳል፤ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ደግሞ በጋዝ ብቻ አይነሳም፣ ማቀጣጠያ የሚሆን ጥቂት ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ በቤንዚን መኪኖች እንጀምር የሚል ነበር ሐሳባቸው።

ወረቀቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ። «ጋዝ ሞተር ያቃጥላል። አይቻልም።» በእኛ አገር ጋዝ ማለት ፋኖስና ምድጃ ውስጥ የምንጨምረው ፈሳሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መኪኖቹን በላምባ ልንነዳ የተነሳን መስሏቸው ደንግጠው ነው። ጋሼ ገብተው ልዩነቱን አስረዱ። ሥራ አስኪያጁ ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይጨብጠው ነገር መኪና ይጎትታል መባሉን ለመቀበል ተቸገሩ። ካሳዩኝ አያለሁ ብለው ሸኟቸው።

ጋሼ ለማሳየት የመረጡት ቦታ የታላቅ ወንድማቸውን ግቢ ነበር። ወንድማቸው ከደሴ ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ድንች የሚያመርቱ፣ አምስት ከብት ያሏቸው ገበሬ ናቸው። የእበት ጋዝና ከኦጋዴን የሚወጣው ጋዝ፣ ዋናው የሚነደው ነገራቸው አንድ ነው ብለው ጋሼ ነገሩን። ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እበት በውኃ አቅጥነው ሞሉት፣ ጋዙን የሚያጠራቅም በርሜል ደፉበት። የሙከራውን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አንድ ቅዳሜ ይዘውኝ ሄዱ። ወንድምየው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጉድጓዱን ሲያዩ ቆዩና «ወላሂ፣ እበት እንደሚነድ እኔም አውቃለሁ። መኪና ሲጠጣው ግን አላየሁም» አሉ።

የደሴ ብርድ ጋዙን አዘገየው። ጋሼ ጉድጓዱን በጭድ አለበሱት። ሦስት ሳምንት ምንም አልነበረም፤ በአራተኛው በርሜሉ ተንሳፍፎ ከፍ ማለት ጀመረ። ቱቦው ጫፍ ላይ ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ እሳት ወጣ፤ የወንድምየው ባለቤት መጥተው ጀበና ጣዱበት። እሳቸውን ያሳመናቸው መኪናው አልነበረም፤ ጭስ አለመኖሩ ነው።

መኪናዋ ከአገልግሎት ውጭ የሆነች የጋራዡ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ነበረች። ጋሼ ከካርቡራተሩ በላይ ጋዝና አየር የሚቀላቀልበት ቁራጭ ቧንቧ በየዱላት፣ ጋዙንም በኖራ ውኃ ውስጥ እያሳለፉ አጠሩት። ሲሊንደር ስለሌለን ጋዙ የተሞላው በስድስት የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በከመነዳሪ ውስጥ ነው። ከመነዳሪዎቹ ፒካፗ ላይ ተደራርበው በላያቸው አሮጌ የእንጨት በር ተጋደመ። ጋዙ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ የሚጫነው ክብደት ያስፈልጋል። ድንጋይ ቢደረግበት ይንከባለላል ተባለና ወንድምየውና እኔ በሩ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ መሪውን ያዙ፤ ሙከራውን ሊያዩ የመጡት ሥራ አስኪያጅ አጠገባቸው ጋቢና ገቡ።

ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ድምፁ ከምናውቀው የለዘበ ነበር፤ ከኋላም ጭስ አላየሁም። ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ከመነዳሪዎቹ እየሟሸሹ ሲሄዱ እኔና ወንድምየው ቀስ እያልን ወደ ታች እንሰምጥ ነበር። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ እኔ ማስታወሻ ደብተሬን በአንድ እጄ፣ የበሩን ጠርዝ በሌላው ይዣለሁ። ገበያው ዳር ስንደርስ በሩ የመኪናዋን ወለል ነካ፣ ሞተሩም ጠፋ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደናል። የገበያ ሰው ከቦን ሳለ ሥራ አስኪያጁ ወርደው ኮፈኑን አስከፈቱና ካንዴላዋን አስፈትተው አዩ። ንጹሕ ነበረች።

«አራት ኪሎ ሜትር ምን ያደርግልናል?» አሉ።

«ይህ በላስቲክ የተያዘ የአምስት ከብት ጋዝ ነው» አሉ ጋሼ። «በሲሊንደር ታምቆ ቢመጣ ደሴና ኮምቦልቻ ተመላልሶ ይተርፋል። እኔ የፈለግሁት ሞተሩ እንደሚቀበለው እንዲያዩልኝ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ካንዴላዋን በመሐረባቸው ጠርገው ቢያዩ መሐረቡ አልጠቆረም። በማግሥቱ ጽሑፉ ተስተካክሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲላክ ፈቀዱ።

እዚህ ላይ የእኔ ሥራ መጣ። አዲሱ ጽሑፍ የሚጀምረው «በቅርንጫፋችን በደረሰው ከባድ የነዳጅ እጥረት ምክንያት ከመኪኖቹ ብዙዎቹ ቆመዋል» በሚል አረፍተ ነገር ነበር። አረፍተ ነገሩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ በምንሰበሰብበት ጊዜ የአባቴ ኪስ ውስጥ የጸሎት ተራ ስም ዝርዝር ተገኝቶ አራት ወር ታስረው ነበር። ያን ዝርዝር የመታሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ቃል ሁሉ ሰው ሲያሳስር ይታየኛል። እጥረት የሚለው ቃል ማን እጅ ገብቶ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አሰብኩ። አረፍተ ነገሩን ተውኩትና በምትኩ «የነዳጅ ቁጠባ መመሪያን ለመደገፍ» ብዬ መታሁ። ለማንም አልነገርኩም። ጋሼ ሥዕሎቹን ብቻ አገላብጠው ፈረሙ።

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በቅርንጫፉ የነዳጅ ችግር ስለመኖሩ በጥናቱ ስላልተጠቀሰ ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ አልተገኘም፤ ለወደፊቱ በፋይል ይቀመጥ ይላል።

ጋሼ ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ የእጅ ጽሑፋቸውን ከመሳቢያቸው አውጥተው ከቅጂው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ቢሮዬ መጥተው ቆሙ።

«ይህ አረፍተ ነገር የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልኳቸው።

ማን እንዳዘዘኝ ጠየቁኝ። ማንም አላዘዘኝም አልኩና የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። በዚያ መሥሪያ ቤት ይህን የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለእኔ አስበሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ መጠየቅ ነበረብሽ። መፍራት ካለብኝ የምፈራው እኔው ነኝ።»

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። አላህ ይቅር ይበለን ብለው ተነሱ። በሌላ ቀን አዲስ የእጅ ጽሑፍ ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በተዘጋ ጉዳይ ሁለተኛ ደብዳቤ አልጽፍም አሉ። ፒካፗ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ተጣለች። እኔና ጋሼ እንደ ወትሮው ሰላም እንባባል ነበር፤ የሚመታ ወረቀት ግን ዳግመኛ በእጃቸው ይዘው አልመጡም፣ በተላላኪ ይልኩልኝ ጀመር። ያ ከቁጣ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

አረፍተ ነገሩ ቢኖር ኖሮ ጋዙ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ከኦጋዴን እስከ ወሎ ቧንቧም መንገድም አልነበረም፣ ጦርነቱም ነበር። ቢኖር ኖሮ ጋሼ ይታሰሩ እንደነበርም አላውቅም። የማውቀው ጥያቄያቸው ሳይጠየቅ መልስ ማግኘቱን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አሰብ ተዛወሩ፤ እኔም አግብቼ ሥራውን ተውኩ። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ አንድ ሰኞ ወንድማቸውን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው። በርሜሉ ዝጎ እስኪበሳ ድረስ ለአምስት ዓመት ያህል ባለቤታቸው በዚያ እሳት እንዳበሰሉ፣ ሁለት ጎረቤቶችም አይተው እንደቆፈሩ አጫወቱኝ። የጋሼን ደኅንነት ጠየቅኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው፤ አሰብም ሆነው ስለዚሁ ጋዝ ለአለቆቻቸው ጽፈው ነበር አሉኝ።

«በእጃቸው ነው የጻፉት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«በእጁ» አሉ። ሽንኩርቱን መዘኑልኝ፣ አንድ ጨመሩበትና መርቀው ሸኙኝ።