የሚኒባሳችን መሪ

ሸሕዲ መናኸሪያ መኪና የሚጫነው በተራ ነው፤ ሰው ግን ከመሳፈሩ በፊት ሾፌሩን አየት ያደርጋል። አባቴን አይቶ የሚመለስ አልነበረም። እንዲያውም የአባቴ ተራ እስኪደርስ ጥላ ይዘው የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ፤ እሳቸው ቀስ ብለው ስለሚነዱ፣ ዘፈን ስለማይከፍቱ፣ መተማ እስኪደርሱ ከማንም ጋር ስለማይጨቃጨቁ። ስለዚህ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ "አውርዱኝ" ስትል፣ አባቴ ልጁ አስታወከባት ብለው ነው መኪናውን ያቆሙት። ሴትዮዋ ወርዳ በሩ ላይ ቆመችና ለተሳፋሪው ሁሉ ተናገረች።

"የእኝህ ሰውየ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከነልጄ አልሞትም።"

አባቴ ዞር ሳይሉ፣ "እጄ አይደለም እህቴ፤ መሪው ነው" አሏት።

እኔ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ መሪው እንደ ወንፊት ይወዘወዛል። አባቴ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘውታል፣ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ድረስ አብሮ ይርገፈገፋል። ሴትዮዋ አልተመለሰችም። ወሬው ግን ከእኛ በፊት መናኸሪያ ደርሶ ጠበቀን።

ተራ አስከባሪው የሱዳኑ ጦርነት ንግዱን እስኪዘጋበት ድረስ በወዲያ ማዶ ሸቀጥ ያመላልስ የነበረ፣ አባቴን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ለብቻቸው ጠራቸውና አክብሮ ነገራቸው፤ መሪው ከሆነ አሠርተው ይምጡ፣ አብሬዎ ተሳፍሬ አያለሁ፣ ተራዎ ይጠበቃል አላቸው። መሪው ካልሆነ ግን ብሎ ሳይጨርስ ተወው። መጨረስም አላስፈለገውም። መሪው ካልሆነ አባቴ ከዚያ በኋላ አይነዱም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኔ ነን። እኔ በመኪና ጉዳይ የሚጠየቅ ሰው አይደለሁም። እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ዘሎ ማለፍ ይፈራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ የሚናድ ይመስለዋል። ስለዚህ መሪው ነው ከተባለ፣ መሪው ምን ሆኖ እንደሆነ ሳላውቅ ዝም ብዬ ማደር አልሆነልኝም። መደርደሪያው ታች ከነበሩት የቴክኒክ ተማሪዎች መጻሕፍት አንዱን አውጥቼ አነበብኩ። የሚለው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ጠይቅ ነው የሚለው።

እኔም ጠየቅኩ።

"ይንቀጠቀጣል አልኩሽ እኮ።"

"መቼ ነው የሚጀምረው አባየ?"

"ስንነሣ ነዋ።"

"ወዲያው እንደተነሣን ነው ወይስ ሦስተኛ ማርሽ ከገባ በኋላ?"

"አንች ልጅ፣ ዳኛ ነሽ?"

የፍጥነት መቁጠሪያው ቀስት ከሞተ ቆይቷል። እኔ ጋቢና ተቀምጬ በማርሹና በሞተሩ ድምፅ ነበር የምለየው። ቀስ ስንል መሪው ትንሽ ይነቃነቃል፤ አራተኛ ሲገባ ይብሳል፤ ወደ ድልድዩ ስንወርድ ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርጉት ይሻለዋል። ፍሬን ሲይዙ የሚለወጥ ነገር የለም። እንግዲያው ጥፋቱ ፍሬኑ አይደለም፤ ከጎማው ነው፣ ወይም መሪውን ከጎማው ከሚያገናኙት መጋጠሚያዎች። ይህን ስነግራቸው አባቴ ሳቅ እያሉ፣ "እኔስ ምን አልኩ? መኪናዋ ናት አልኩ" አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

መጀመሪያ ያገኘነው ጭቃ ነው። ክረምቱን አባቴ ለአረም የወረዱትን ሳሉጎች፣ ከደጋ ለቀን ሥራ የሚመጡትን ማለቴ ነው፣ እስከ እርሻው ድረስ ሲያደርሱ ከርመዋል። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጎማ ላይ ሲለጠፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ መኪናቸውን ጓንግ ወንዝ ወስደው በየሳምንቱ ያጥባሉ፤ ጎማው የተጠለቀበት ብረት፣ የቸርኬው ፊት፣ ያበራል። ቸርኬውን ከጀርባው የሚያጥብ ግን በዚህ አገር አላየሁም። ጎማው ሲፈታ ዋልካው በአንድ ጎን ደርቆ እንደ ጡብ ተቀምጦ ነበር። በመሮ ፈለፈልነው። አባቴ ቁራሹን አንሥተው እያገላበጡ፣ "ሰሊጥ ዘርተን ብንተወው ይበቅል ነበር" አሉ።

ሻል አለው፤ አልጠፋም። ከከተማው ዳር ኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ ከወሎ የመጣ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ገና ሲያየኝ፣ "መምህርት መጣች፤ ዛሬ ፈተና አለ ማለት ነው" አለ። መምህርት አይደለሁም ብዬ ስነግረው የባሰ ሳቀ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ሲወዘውዘው ቀጭ ቀጭ አለ። ተስቲናው አልቋል አለን፤ መሪው ሲዞር ጎማውን የሚገፋው መጋጠሚያ ነው። ይቀየራል፤ ዕቃው ግን የሚመጣው ከጎንደር ነው፣ መንገዱም ያን ሰሞን እንደ ልማዱ ተዘግቷል።

መንገድ እስኪከፈት አባቴ ቤት ዋሉ። እኔ አብሬያቸው የዋልኩት በዚያ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናቸው፣ እኔም ከመጽሐፍ ጋር። ሻይ ስቀዳላቸው፣ "ግማሽ አድርጊልኝ" ይሉኛል። ግማሹን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠጡታል። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ትተዋል፤ ሙቀት ነው ይላሉ፣ ሙቀትም ነበር። ጢማቸውን ድሮ ራሳቸው ይላጩ ነበር፤ አሁን ፀጉር ቤት ይሄዳሉ። እነዚህን ሁሉ አየሁ። አይቼም መካኒኩን ጠየቅኩት። እሱ ሲመልስ አላመነታም፤ ቀን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መሪ የያዘ እጅ ማታ እንዴት ይረጋል፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኞችን አላየሽም፣ መሪው ዝም ሲል እጁም ዝም ይላል አለኝ። ይህን ቃል ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ ሰውነታቸው ሲረጋ እስኪታየኝ ድረስ አመንኩት።

ተስቲናው በጭነት መኪና መጣና ተቀየረ። በዝግታ ስንሄድ የነበረው ንቅናቄ ጠፋ። አራተኛ ማርሽ ላይ ግን ያው ነው። አባቴ በቃ፣ ያረጀ መኪና ነው፣ ይብቃን አሉ። እኔ ግን ተራ አስከባሪው አብሮ እንደሚሳፈር ነው የማስበው፤ ትንሽ ንቅናቄ እንኳ ብትቀር በእጃቸው ይመካኛል። የፊቱ ጎማ እንደገና እንዲነሣ ለመንኩ። አንሥተን በእጄ አሽከረከርኩት። ዞሮ ዞሮ ሲቆም ወደ መሬት በኩል በመጣው ቦታ ላይ ከትምህርት ቤት በያዝኩት ጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ደግሜ አሽከረከርኩት፤ ምልክቱ ታች መጥቶ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ሁልጊዜ ታች። የሚከብድ ነገር አለ፣ ያለውም ጎማው ውስጥ ነው።

ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ወስደን ሲከፍተው፣ ከውስጥ የአሮጌ የጭነት መኪና ካላማዳሪ፣ አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ተቆርጦ ተነጥፎበት አገኘ። እሱ አልገረመውም። እዚህ እርሻ የሚገባ መኪና ሁሉ እንዲህ ይደረጋል፤ የግራሩ እሾህ ውጭውን ጎማ ቢወጋ እንኳ አየር የያዘውን እንዳያገኘው ነው። አባቴም ያስነጠፉት ገና መኪናዋን ሲገዙ ነው። ቁራጩ ግን በሙቀትና በጊዜ ብዛት ተንሸራቶ በአንድ ወገን እንደ ተጣጠፈ ጋቢ ተከማችቷል። ሌላውም የፊት ጎማ እንደዚያው ነበር። እኔ ይውጣ አልኩ።

"እሱን ካወጣሽብኝ እሾሁን ምን ልታደርጊው ነው?" አሉ አባቴ።

የተከማቸውን በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አይተው፣ እሽ ይውጣ፣ እርሻ መግባቱን እተወዋለሁ፣ አስፋልቱ ይበቃኛል አሉ። ከሳሉጎቹ ጋር በጭቃው መግባትና መውጣት፣ ጭቃ ተለውሶ መኪናዋን መግፋቱ፣ እዚያው አብሮ መብላቱ ለእሳቸው ምን እንደነበረ አውቃለሁ። አስፋልቱ እንዳይቀርባቸው ብለው ነው እሱን የለቀቁት። ጎማ ጠጋኙ ጎማውን ሲመልስ ቁራጮቹን አንሥተው ከወንበራቸው ሥር አስገቧቸው።

ተራ አስከባሪውን ከመጥራታችን በፊት ለብቻችን እንሞክረው ተባባልን። ጠዋት ነበር፣ መንገዱም ባዶ። ወደ መተማ የሚወስደው ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ አባቴ አራተኛ አስገቡ። መኪናዋ እንደዚያ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። የመስኮቱ መስታወት የሚንኳኳው እንኳ ቀንሷል። እኔ ፊት ለፊት ነበር የማየው፤ ወደ እሳቸው መዞር ፈርቼ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

"አሁንም ይንቀጠቀጣል" አሉ።

ግራ እጄን ዘርግቼ መሪውን ከታች በኩል ነካሁት። ከመሪው የሚመጣ ነገር አልነበረም። የሚመጣው ከላይ፣ እሳቸው ከያዙበት ነው። ቀና ስል ዓይናችን ተገናኘ። አባቴ ነዳጁን ለቀቁ፣ ሁለት እጃቸውንም ከመሪው ላይ ቀስ ብለው አነሡ። መሪው ዝም አለ። መኪናዋ መንገዷን ሳትለቅ ቀጥ ብላ ሄደች። እጆቻቸው አየር ላይ ብቻቸውን ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ቀኙ ከግራው ይብሳል።

መልሰው ያዙትና መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ።

"ኸላስ" አሉ። ድንበሩ ላይ ነጋዴ ዕቃው ሲያልቅ የሚላት የሱዳኖች ቃል ናት። ቆይተው ደግሞ፣ መንገዱን እያዩ፣ "ምነው መሪውን ሳታሠሪ ትንሽ ብታቆዪልኝ ኖሮ" አሉኝ።

መኪና መንዳት አልችልም፤ ስለዚህ ወደ ሸሕዲ የመለሱን እሳቸው ናቸው፣ ሦስተኛ ማርሽ ሳያልፉ፣ የተስተካከለውን መሪ ጨብጠው። ያ የመጨረሻቸው ሆነ። መናኸሪያው በር ላይ ተራ አስከባሪው ፈገግ ብሎ ተቀበለን፤ መሪው ተሠራ ወይ አላቸው።

"ተሠራ" አሉ አባቴ። "በደንብ ተሠራ።" ቁልፉንም እጁ ላይ አስቀመጡለትና ጥሩ ሾፌር ፈልግልኝ አሉት። እሱ እጃቸውን አየ፣ ቁልፉንም አየና ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወስጃቸዋለሁ። በሽታው ስም አለው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱም ይጠፋል፤ ሲከፈት ደግሞ በጠፋበት ጊዜ ከአቅማቸው የሄደው አይመለስም። አሁን ግማሽ ሻይም በዝቷል።

መኪናዋን የሚነዳው ከገለጉ የመጣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ማታ ማታ ቁልፉን ሊመልስ ሲመጣ አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ "መሪው እንዴት ነው?" ብለው ይጠይቁታል። ሌላ ነገር አይጠይቁትም፤ ስለ ሰው ብዛትም ሆነ ስለ መንገዱ። እሱም ደስ የሚያሰኛቸው እየመሰለው፣ "ጸጥ ብሏል አባባ፤ በዚህ ዕድሜዋ እንደሷ ያለ መሪ ይዤ አላውቅም" ይላቸዋል። አባቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ያስገባሉ።

በሩ ድረስ የምሸኘው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን፣ ነገ ሲጠይቁህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል በላቸው ብዬ ልለምነው እልና አፌ ላይ ይደርሳል። እስካሁን አልለመንኩትም። ደህና እደር እለዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ።