የወይዘሮ ለ ላም

እህቴ ሕግ ልማር ነው ስትለኝ ሌላ ወንድም ቢሆን «ጎሽ!» ይላት ነበር። እኔ «ለምን?» አልኳት። አገሪቱ የሕግ ባለሙያ አንሷታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያነሳት ሕግ የሚፈራ ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ትምህርት ቤት አልተከፈተለትም። መፈተንስ ካለበት መፈተን ያለበት ሕጉን የሚያወጣው እንጂ የሚማረው አይደለም። ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«ጨረስክ፣ ጋሼ?»

«ለጊዜው።»

«እንግዲያው እንግሊዝኛውን ታስጠናኛለህ።»

መካነ ሰላም ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እየጻፍኩ ለመጽሔቶች እልካለሁ። እህቴ ብዙ ዓመት ታንሰኛለች፤ የወረዳው ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ናት። ዳኛው ይናገራል፣ እሷ ትተይባለች። የሰው ሙግት ሁሉ በጣቶቿ በኩል ሲያልፍ ኖሮ በመጨረሻ ጣቶቿ ብቻ መስማታቸው ሰለቻትና ለዩኒቨርሲቲው የክረምት ፕሮግራም አመለከተች። ዲፕሎማዋን አያይዛለች፣ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፋለች፤ የቀራት ደሴ ሄዶ የሕግ ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና ማለፍ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ዕድሉን የሰጣት ለዚያ ዓመት ብቻ ነው። ከወደቀች ተራው የሌላ ሰው ይሆናል፤ እሷም ጡረታ እስክትወጣ የሌሎችን ፍርድ ስትተይብ ትኖራለች።

ጥናቱ በአባታችን በአባባ ቤት ሆነ። እህቴ ባሏን ከፈታች ወዲህ የምትኖረው እዚያ ነው። አባባ ደግሞ ያገር ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ከከላላ ድረስ በቅሎ ይዘው የሚመጡላቸው አሉ። ስለዚህ ጠያቂው እኔ፣ ተፈታኟ እሷ ብንሆንም አባባ ከመደቡ ላይ ሆነው ዳኝነቱን ያዙ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሕግ ይሰጡሃል፤ አንድ ታሪክ ይነግሩሃል፤ ሕጉን በታሪኩ ላይ ተግብረህ ከአራት መልስ አንዱን ምረጥ ይሉሃል። ሕጉ ራሱ ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። እኔ ብፈተን በመጀመሪያው ጥያቄ እወድቃለሁ። እሷ ግን ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ልስማው ስላለች ከመለማመጃ መጽሐፍ የተገለበጡትን ጥያቄዎች እየተረጎምኩ አነብላት ነበር።

«አቶ ሀ በሬው መታመሙን ደብቆ ለአቶ ለ ሸጠለት።»

«አቶ ሀ የማን ልጅ ነው?» አሉ አባባ።

«የማንም አይደለም አባባ፤ ፈተና ነው።»

«ያ ረቢ! ወላጅ የሌለው ሰው በሬ ከየት አመጣ?»

እህቴ ሳቀች። «ከአጅባር ገበያ ገዝቶት ይሆናላ።»

«የአጅባር ከሆነ ደላላ አለው። ደላላው ይጠራ።»

«ደላላ የለም አባባ። እዚህ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«እማኝ የለ፣ ደላላ የለ፣ ዘመድ የለ!» አባባ በጣም አዘኑላቸው። «ምስኪኖች! በሉ አስታርቋቸው።»

እህቴም አስታረቀቻቸው። ከአራቱ መልሶች አንዱ «ኪሳራውን ሁለቱም ይካፈሉ» የሚል ነበርና እሱን መረጠች። ያ መልስ በብዙዎቹ ጥያቄዎች ሥር አለ። ፈተና አውጪው ያስገባው ያላጠና ተማሪ ሊያጠምድበት ይመስለኛል። እህቴ ሌሊት ተነስታ የምታጠና ሰው ናት፤ ሆኖም ሁልጊዜ እሱን ነው የምትመርጠው። የጎረቤት ግንብ ፈርሶ ጎተራ ቢጨፈልቅ፣ በግማሽ። ሠራተኛ ሳይከፈለው ቢባረር፣ በግማሽ። ሌባውና የተሰረቀውም በግማሽ ሊካፈሉ ምንም አልቀራቸው።

ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ባገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚፈለገው ማን እንዳጠፋ ማወቅ ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች በአንድ መንገድ ወደቤታቸው እንዲመለሱ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ጥፋት ይፈለግላቸዋል። ምንም ያላጠፋ ሰው ከተገኘ ነገሩ ይከብዳል፤ ሽማግሌዎቹ ጥቂት ጥፋት እስኪገኝለት ድረስ አያርፉም። ፍርድ ቤት የረታ ሰው እንኳ ከችሎት ወጥቶ «አስታርቁኝ» ይላል፤ ከተረታው ሰው ጋር አንድ ምንጭ ይቀዳሉና። እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ የዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሁሉም አሚን ብሎ ነው የሚጀመረው። አብዛኛውን ነገር መቃወም እወዳለሁ፤ ይህንን ግን በሙሉ ልቤ መቃወም አቅቶኝ ኖሯል።

በግማሽ ልቤ እቃወመዋለሁ፤ በላሚቱ ምክንያት።

እህቴ ስታገባ አባባ አንዲት ቀይ ላም ሰጥተዋት ነበር። ባሏ ሳይነግራት ላሚቱን ወስዶ ሸጠ። እህቴ ስትሰማ ሰው በተሰበሰበበት አፏ ያመጣላትን ሁሉ አለችው፤ ጥሩ አድርጋ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባት በልጁ ጉዳይ ስለማይቀመጥ አባባ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ። የተባለው ይህ ነው፦ እሱ ሳያማክር በመሸጡ አጥፍቷል፤ እሷ ባሏን በሰው ፊት በመስደቧ አጥፍታለች፤ ጥፋቱ የሁለቱም ስለሆነ ይቅር ይባባሉ። ተባባሉ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ላሚቱ ግን አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላም በሌላ በሌላው ነገር በግማሽ በግማሽ እየታረቁ ከርመው፣ አንድ ቀን ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባባ ቤት ተመለሰች።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ጥያቄ እኔው ራሴ ጻፍኩና ከሌሎቹ መሃል ሸጎጥኩት።

«አቶ ሀ የሚስቱን የወይዘሮ ለን ላም ሳታውቅ ሸጠ። ወይዘሮ ለ በሰው ፊት ሰደበችው። ሕጉ፦ የሰውን ንብረት ያለፈቃድ የሸጠ ንብረቱን ወይም ዋጋውን ይመልስ። መልሱ የቱ ነው?»

እህቴ እርሳሷን ወዲያው «ሁለቱም አጥፍተዋል፤ ይካፈሉ» የሚለው ላይ አሳረፈች። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፉ።»

«ውሸታም!»

አባባ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።

«ላሚቱ የማን ነበረች?»

«የወይዘሮ ለ።»

«ከአባቷ ቤት የመጣች ናት?»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም። «አዎ፣ ከአባቷ ቤት የመጣች ናት» አልኩ።

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ስድቡ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሌላ ቀን ይታያል። ላሚቱ ትመለስ።» ይህን ብለው ለሶላት ተነሱ። ሰዓቱ ገና ነበር።

እህቴ ወረቀቱን ወደራሷ ሳበችና የመረጠችውን አጠፋች፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ አጠፋችው። «ቀጣዩን አንብብ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ «ይካፈሉ» የሚለው መልስ ሲመጣ በጥርጣሬ ታየው ጀመር፤ አሁንም ትመርጠው ነበር፣ ግን ሕጉ ሲለው ብቻ።

በፈተናው ቀን ይዛ የምትቀርበው «ለምን ሕግ መማር ይፈልጋሉ?» የሚል ጽሑፍም ነበረባት። እዚህ ላይ እንደማስፈልጋት አልተጠራጠርኩም። ከጥንት ነገሥታት ተነስቼ፣ በፈላስፎች በኩል አድርጌ፣ እስከ ዘመናችን የሚዘልቅ የሚያምር ጽሑፍ ጻፍኩላት። አነበበችና መለሰችልኝ።

«ይሄን ካስገባሁ የሚቀበሉት አንተን ነው።»

የራሷን ጻፈች፤ አጭር ነበር። አላሳየችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት፤ ላም እንዳለበት ግን እገምታለሁ።

ለፈተናው ስንነሳ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ወላሂ፣ ካለፈች ለማርያም ጥላ አገባለሁ!» ብለው ተሳሉ። አባባ ከወዲህ በኩል «አሚን!» አሉ። አቃስታ ስንደርስ ብርዱ የአውቶቡሱን መስተዋት አልፎ አጥንታችን ውስጥ ገባ። እህቴ ተሸፋፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ቁርኣን እየቀራች ይሁን የሠራተኛ ውል እየሸመደደች ማወቅ አልቻልኩም። ደሴ እሷ ለፈተናው ገባች፤ እኔ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የገዛሁትን መጽሐፍ ገጽ ስገልጥ ዋልኩ፤ ከተነበበው ይልቅ የተገለጠው ይበዛል።

ጨርሳ ሻይ ቤቱ ስትመጣ ፊቷ አይነበብም።

«እንዴት ነበር?»

«አንድ ሰውዬ የጎረቤቱን በግ አረደ። ጎረቤትየው ደግሞ አጥሩን አላጠረም።»

«ታዲያስ?»

«ሕጉ ‹ያረደ› ነው የሚለው፣ ‹ያላጠረ› አይልም። ይክፈላ!» አለች፤ ሻይ ቤቱ በሙሉ ወደኛ ዞረ።

ውጤቱ በስልኳ የመጣው ችሎት ላይ ሳለች ነው። ዳኛው ከመናገር ሲያርፍ ስልኩን ከፍታ ውጤቱን አየች፤ ከዚያ የተየበችውን ቃል ደጋግማ እንደሳተች ነገረችኝ። አልፋለች። ማታ አባባ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጎረቤታችን የተሳሉትን ጥላ ገና አልገዙም፤ ቀለሙን ካልመረጥኩ ብለዋል።

ደሴ ልትገባ ቀናት ሲቀሯት ከከላላ በኩል ሰዎች መጡ። አንዱ የሌላውን በቅሎ አስሮ ይዟል፤ ተሰዳድበዋል፤ ሽማግሌ ይፈለጋል። አባባ ከዘራቸውን አነሱና እህቴን ተጣሩ።

«ነይ፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

ሴት እዚያ ዋንዛ ሥር የምትቀርበው ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ስትሆን ነው። «ምን ልሠራ አባባ?»

«በቅሎዋ የማን እንደሆነች የሚጠይቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብጠይቅ ነውር ይሆንብኛል። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ የተማሪ ጥያቄ ይቻላል።»

የሕግ ባለሙያ በዝቷል የሚለውን አቋሜን ይዤ ቤት ቀረሁ። አመሻሽ ላይ ተመለሱ፤ አባባ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ሁለቱም አቧራ ለብሰው።

«እንዴት አለቀ?» አልኳት።

«በግማሽ ታረቁ።»

«አልተማርሽም ማለት ነው! በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋማ ከባለቤቷ ጋር ሄደች።»

«ታዲያ በግማሽ የተካፈሉት ምኑን ነው?»

«ስድቡን» አለች እህቴ፤ አባባም መደቡ ላይ እየተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።